ለሞተሬ ቤት ስሠራ የተተከለው ድንኳን

ከሁሉ አስቀድሜ እናቴ ደህና መሆኗን ልናገር። ይህን የምለው ትክክለኛው ወሬ እስካሁን ያልደረሳቸው ሰዎች ስላሉ ነው። ባለፈው ሳምንት ሰንጋ ተራ ታክሲ ስጠብቅ አንድ በመልክ የማውቃቸው ሰውዬ እጄን ጨበጥ አድርገው፣ የእናት ነገር ከባድ እንደሆነ፣ ግን መቻል እንዳለብኝ ነገሩኝ። ላስረዳቸው አፌን ስከፍት ታክሲ መጣ፤ እሳቸው ገቡ፣ እኔ ቀረሁ። እንግዲህ እሳቸው እናቴን እንደቀበሩ ነው የሚኖሩት።

ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ ምን ይሠራል የምትሉ ካላችሁ፣ ታሪኩ እሱው ነው።

ሞተሩን የገዛሁት ጥቅምት ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ነዳጅ አይጠይቅም፣ ከልደታ ኮንዶሚኒየም ተነስቶ መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ሲያደርሰኝ ሸሚዜ እንኳ አይጨማደድም። እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ፋይል ስደረድር፣ ቅጽ ስሞላና የሌላውን ቅጽ አልተሟላም ብዬ ስመልስ ኖሬአለሁ። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ጉድ ያፈላብኛል።

ከሞተሩ ጋር አንድ ችግር ብቻ ነበረብኝ። እናቴ አታውቅም። እናቴ የምትኖረው ቡታጅራ ነው። ድሮ ወንድሟ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ ከሞተር ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ ነበር። እግሩ ከዳነ ስንት ዘመኑ፤ አጎቴ ትንሽ ያነክሳሉ እንጂ ገበያ ውለው የሚመለሱ ሰው ናቸው። እናቴ ግን አልዳነችም። ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ስመጣ መናኸሪያ ድረስ ሸኝታኝ፣ ሞተር የሚባል ነገር ላይ እንዳልወጣ በልደታ ማርያም አስማለችኝ። ማልኩ። ያኔ ሞተር ቀርቶ ጫማ የሚገዛልኝ ስላልነበረ መማሉ ቀላል ነበር።

ሞተሩን ከገዛሁ በኋላ ስትደውልልኝ ዳር ይዤ ቆሜ ነበር የማናግራት። የመንገዱን ጩኸት ሰምታ ምንድነው ስትለኝ ታክሲ ውስጥ ነኝ እላታለሁ። እንግዲህ ዕቃ እንደሚልክ ሰው በደወለች ቁጥር አንድ አንድ ውሸት ቡታጅራ እልክ ነበር። ባለቤቴ ሰብለ ይህን ስትሰማ ራሷን ትነቀንቃለች። የእሷ አቋም አጭር ነው። እኔ አልዋሽላትም፤ ካልጠየቀችኝ ግን አልናገርም አለች። ይህን ያህል እንኳ ስላገኘሁ አመሰገንኩ።

እናቴ በየዓመቱ ለግንቦት ልደታ እኛ ጋ ትመጣለች። ከቡታጅራ ቅቤና ቆጮዋን ጠቅልላ በዋዜማው ትደርሳለች፣ ጠዋት ቤተክርስቲያን ትስማለች፣ ከዚያ ከብሎካችን ሴቶች ጋር ደጅ ተቀምጣ ንፍሮ ትበላለች። አንድም ዓመት ቀርታ አታውቅም። እኔ በበኩሌ ለመስቀል ወደ አገር ቤት ከሄድኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ሥራ ስለሚበዛብኝ ነው። ቢያንስ ለእሷ የምነግራት እንደዚያ ነው።

ልደታ ሲቃረብ እንቅልፍ አጣሁ። ሞተሩ የሚቆመው ደረጃው ሥር፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ ነው። እናቴ ደግሞ ዓይኗ የጎደለ ቁልፍ ከሸሚዜ ላይ ከሩቅ የሚያይ ነው። ሰው ጋ ላስጠጋው ብል የሚያምነኝ እንጂ የማምነው ሰው አጣሁ። በመጨረሻ ከብሎኩ ጀርባ፣ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ባለችው ባዶ ቦታ ላይ ትንሽ የእንጨት ቤት ልሠራለት ወሰንኩ። በር ይኖራታል፣ በሩ ጓጉንቸር ይኖረዋል፤ እናቴ ከጠየቀች የጥበቃዎቹ የዕቃ ማስቀመጫ ናት እላለሁ። የነዋሪዎች ኮሚቴም የልብስ ማስጫ ገመዱን እስካልነካሁ ድረስ ፈቀደልኝ። ሁሉም ሰው ለዝናብ ብዬ የምሠራ መስሎታል።

የቀረኝ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ማውጣት ነበር። የፈቃድ ቅጻችን ላይ ምክንያት የሚመለከት ሦስት ሳጥን አለ፦ የቅርብ ዘመድ ሕመም፣ ሐዘን፣ ወሊድ። ለሞተር ቤት መሥሪያ የሚል የለም። ሰብለ እንዳላረገዘች ሁሉም ያውቃል፣ ሐዘን ደግሞ ያስፈራል፤ ስለዚህ ሕመም የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። አለቃዬ ቀና ብለው የታመመው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይህን ጥያቄ አልጠበቅኩትም ነበር። እናቴ ናት አልኩ። ምን ሆነው ሲሉኝ፣ ስኳር አልኩ። አለቃዬ አዘኑና ሁለት ቀን ፈረሙልኝ።

አጠገቤ የሚሠራው ደረጀ ይህን ሁሉ ይሰማል። ደረጀ የሥራ ባልደረባዬ ብቻ አይደለም፤ እኛው ብሎክ፣ ከእኛ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ ነው የሚኖረው። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ አፉ ላይ ነው። ማታ ቤቴ ስደርስ ከታችኛው ፎቅ ጀምሮ እስከ እኛ በር ድረስ እናትህ እንዴት ናቸው የማይለኝ ሰው አልነበረም። አልታመመችም ብል ለደረጀ ደረሰ፣ ከደረጀ ለአለቃዬ ደረሰ ማለት ነው። ስለዚህ እየተሻላት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን እያልኩ ደረጃውን ወጣሁ። እግረ መንገዴን ስኳሯ ትንሽ ወረደ ብዬ የጨመርኩም ይመስለኛል።

ቤቱን መጀመሪያ ራሴ ነበርኩ የሠራሁት። ልደታ ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በማለዳ፣ አጣናና ጣውላዬን ደርድሬ፣ የደረጀን መዶሻ ተውሼ ጀመርኩ። የመዝገብ ቤት ሰው ስለሆንኩ ልክ መለካት አይከብደኝም፤ ሞተሩን ከፊት ጎማው እስከ ኋላ ጎማው በጥንቃቄ ለክቼ ጽፌ ያዝኩ። ሞተር መሪ እንዳለውና መሪው ወደ ጎን እንደሚወጣ ትዝ ያለኝ ሦስተኛውን ግድግዳ ካቆምኩ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ከመታኋቸው ምስማሮች እኩሌታው ጣቴን ነበር የሚፈልጉት።

እዚያው ልብስ የሚያሰጡት እትዬ አልማዝ የምድር ቤት ጎረቤታችን ናቸው። ልብሳቸውን ሰቅለው ሲጨርሱ ለዶሮ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለሞተር ነው አልኳቸው። ዶሮ ይሻለው ነበር፣ ቤቱ ሲወድቅ ዶሮ ይሸሻል አሉኝ። ቅር ብሎኝ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ላሳያቸው ደገፍ አልኩት። ቤቱ ምንም ሳያቅማማ ተኛ። እኔም አብሬው ተኛሁ።

ከሰዓት በኋላ አብነት ሰፈር ሄጄ ይርጋ የሚባል አናጺ ይዤ መጣሁ። ይርጋ ትንሽ የሚናገር፣ ብዙ የሚያይ ሰው ነው። የተኛውን ቤት በእግሩ ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ ይህን የሠራው ማነው አለኝ። አንድ ሰው ነበር፣ ሄዷል አልኩት። ሁለተኛ መጋዝ እንዳታስይዙት ብሎ ጃኬቱን አወለቀ። ከዚያ ሞተሩን ቦታው መሐል አቁምልኝ አለኝ፤ ልኩን የሚወስደው ከወረቀት ሳይሆን ከራሱ ከዕቃው ነው። ሞተሬን መሐል አቆምኩ። ይርጋ ዙሪያውን ማዕዘን ሲተክል ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡን ለቀቀው። ይርጋም ጃኬቱን መልሶ ለበሰ። ጣውላ ከራሰ ይጣመማል፣ በዝናብ አልሠራም አለ። በማግስቱ የልደታ ዋዜማ ነው። እናቴ ማታ ትገባለች።

በዚህ ጊዜ ነው የእድራችን ድንኳን ትዝ ያለኝ።

ሐሳቡ ሲመጣልኝ ራሴን አደነቅኩ። ድንኳኑ የጋራ ቤቱ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ እኔ የእድሩ አባል ነኝ፣ ሥሩ ሆነን እንሠራለን፣ ማታ እንመልሳለን። በዋዜማው ጠዋት የእድራችን ዳኛ ጋሽ መኩሪያ ጋ ሄድኩ። ጋሽ መኩሪያ ጡረታ የወጡ፣ የእድሩን ንብረት እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ ለመውጣት ኮታቸውን ለብሰው ነበር። መዝገቡን ከፍተው መነጽራቸውን አደረጉ።

"ሐዘን ነው ሰርግ?" አሉኝ።

"ሁለቱም አይደለም ጋሼ። ለእንጨት ሥራ ነው፣ ለአንድ ቀን።"

"የእንጨት ሥራ የሚል ዐምድ የለም።"

መዝገቡን አዞሩልኝ። እውነትም የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከር ነበር፤ እኔ ግን የዐምድ ነገር ይገባኛል። ስንቱን ሰው በዐምድ መልሻለሁ። ሰርግ ይባል ቢባል ሙሽራዋ ማን ናት ሊባል ነው፤ ሰብለ ደግሞ ይህን ቀልድ የምትወድ አይመስለኝም። ስለዚህ ሐዘን ብለው ይጻፉት ጋሼ፣ ያው ወረቀት ነው አልኩ። አሥራ አራት ዓመት ከወረቀት ጋር የኖርኩ ሰው ያው ወረቀት ነው አልኩ። ጋሽ መኩሪያ ስሜን ከነአባቴ ሐዘን በሚለው ሥር ጽፈው፣ አስፈርመውኝ ሄዱ።

መዝገቡ ላይ የሰፈረውን ጥበቃዎቹ ዋናው በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ እንደሚገለብጡት ረስቼ ነበር። ድንኳን ያለ አግዳሚ ወንበር እንደማይወጣም አላውቅም ነበር። ጥበቃዎቹ ድንኳኑን ሞተሬ ላይ ተክለው፣ አሥር አግዳሚ በሁለት ረድፍ ደርድረው ሲሄዱ እንዴት ያለ ጨዋ ሰፈር ነው ብዬ ተደሰትኩ። ይርጋም አግዳሚውን ለመጋዝ መደገፊያ ወደደው። ረፋዱ ላይ ሦስቱ ግድግዳ አለቀ፤ በሩም ተገጣጥሞ መሬት ላይ ተጋደመ። ይርጋ ምሳ ልብላ ብሎ ወጣ፤ እኔም የበር ማጠፊያና ጓጉንቸር ልገዛ በጀርባው በር ወደ አብነት ወረድኩ። ስልኬን ቤት ቻርጅ ላይ ትቼው ነበር።

አብነት ቆየሁ። ለአንድ ጓጉንቸር ስድስት ሱቅ ገባሁ። የምፈልገው የጥበቃ ዕቃ ማስቀመጫ ላይ ቢታይ እናቴን የማያስጠረጥር፣ በዚያው ልክ ሌባ የማይከፍተው ጓጉንቸር ነበር፤ ይህን ለባለሱቅ ማስረዳት ጊዜ ይወስዳል። መሐል ላይ ዝናብ ያዘኝና አንድ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። እኔ እዚያ ቆሜ ዝናቡን ስሳደብ ግቢያችን ውስጥ የሆነውን በኋላ ከየሰዉ ለቅሜ ነው የደረስኩበት።

ሰሌዳውን መጀመሪያ ያነበቡት እትዬ አልማዝ ናቸው። ሐዘን፣ ከሥሩ የእኔ ስም። እናቴ በስኳር ታማ እንደነበር የማያውቅ ሰው ግቢው ውስጥ የለም። ድንኳኑም ተተክሏል፣ አግዳሚውም ተደርድሯል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ለነገው ልደታ ንፍሮ የዘፈዘፉትን እህል ዛሬውኑ ጥዱት ብለው፣ እያለቀሱ ገቡ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድንኳኑ ሞላ። ለደረጀም ተደወለ፤ ደረጀ ለአለቃችን ነገረ፤ አለቃችንም ሠራተኛውን በሰርቪስ መኪና ጭነው መንገድ ጀመሩ።

እናቴ ደግሞ የዚያን ቀን መጀመሪያ የወጣውን መኪና አግኝታ በምሳ ሰዓት ደረሰች።

እስቲ በእሷ ቦታ ሆናችሁ እዩት። ዓመት ጠብቃ፣ ቅቤዋን ተሸክማ፣ የልጇ ብሎክ ጋ ስትደርስ የለቅሶ ድንኳን ቆሟል። ዕቃዋን ጥላ ገባች። ድንኳኑ መሐል፣ በሦስት የጣውላ ግድግዳ መካከል ሞተር አለ። ሞተሩ አጠገብ መሬት ላይ ሰው የሚያክል አዲስ የጣውላ ሥራ ተጋድሟል፤ የይርጋ በር ነው፣ እሷ ግን ሳጥን መሰላት። ማንንም አልጠየቀችም። ሞተርና ሳጥን አይታ ምን ትጠይቅ።

ሴቶቹ በበኩላቸው፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስለጣለች የሚያውቋትም ሳይለዩዋት፣ ስሜን ስትጠራ ሰምተው የሟቿ እህት ናት ብለው ደግፈው አስቀመጧት። እትዬ አልማዝ እንኳ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ስለደፉ አላወቋትም። እናቴ ሞተር ነው የጨረሰኝ እያለች ስታለቅስ ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ አዲስ ወሬ ዞረ። እናትየዋ ስኳሩ ሲሻላቸው በሞተር ተገጭተው ነው ለካ ተባለ። እነሱ እናቴን፣ እናቴ እኔን፣ አንድ ላይ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ።

እኔ የተመለስኩት በዚያው በጀርባው በር ስለሆነ ሰሌዳውን አላየሁም። ለቅሶውን ስሰማ ግቢው ውስጥ ሰው ሞቶ፣ ድንኳኑ ተተክሎ ስላገኙት እዚያው የተቀመጡ መሰለኝ። በሞተሬ በጣም አፈርኩ። ሰው ሐዘን ላይ ሳለ የእኔ ኮተት መሐል ላይ ተገትሯል። ማጠፊያዬን ኪሴ ከትቼ፣ አንገቴን ደፍቼ ዳር ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን ጉንጬ ላይ አደረግኩ። አጠገቤ ያለውን ሰው በሹክሹክታ የሞተው ማነው አልኩት። ሰውዬው አየኝ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ እቅፍ አድርጎኝ አይዞህ አለ። ለሁሉም እንዲህ የሚያዝን ሰው በመሆኑ ልቤ ተነካና እኔም ትንሽ አለቀስኩ።

በዚህ መሐል አለቃዬ ከነሠራተኛው ገቡ። በቀጥታ ወደ እኔ መጥተው አቀፉኝ። መቼ ነው ያረፉት አሉኝ። እኔም አሁን መድረሴ ነው፣ አልነገሩኝም አልኳቸው። አለቃዬ ድንጋጤው አእምሮውን ነክቶታል በሚል ዓይን ወደ ደረጀ ዞሩ።

ያኔ ነው ከሴቶቹ መሐል አንድ ድምፅ የሰማሁት። ስሜን እየጠራ ያለቅሳል። ያንን ድምፅ ከስንት ሰው መሐል እለየዋለሁ፤ ወንዝ ዳር ስጫወት ወደ ቤት የሚጠራኝ ድምፅ ነው። እንደምንም ቆሜ፣ "እማዬ" አልኩ።

እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አንስታ አየችኝ። ቀስ ብላ መጣች። ፊቴን ዳሰሰች፣ ትከሻዬን ያዘች፣ ከዚያ ሰው ሁሉ እያየ ጎንበስ ብላ ቁርጭምጭሚቴን ጨበጠች።

"እግርህ ደህና ነው?"

"ደህና ነው እማዬ።"

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም።"

እናቴ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ እንደገና አለቀሰች። ይኸኛው ለቅሶ ድምፅ አልነበረውም። እኔ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አፍሬ አውቃለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አፍሬ አላውቅም። መሬት ብትከፈት ከነማጠፊያዬ እገባ ነበር።

አለቃዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኚህ ሴትዮ ማናቸው አሉኝ። እናቴ ናት አልኩ። የሞቱት አሉኝ። አዎ አልኩ፣ የታመመችውም እሷ ናት። እናቴ ቀና አለች። ማነው የታመመው፣ ምን ታምሜ አለች። ከደረጀ በቀር የሚመልስላት ጠፋ፤ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስኳር አላት። እናቴ ሞተሩን ረሳችው። ስሟ የጠፋ ያህል ተቆጣች። ሻይ በአራት ማንኪያ እንደምትጠጣ፣ ሐኪም ቤት የገባችው ሰው ለመጠየቅ ብቻ እንደሆነ ለድንኳኑ በሙሉ አስረዳች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ከመቼ ወዲህ ነው የታመምኩት አለችኝ። ከሦስት ቀን ወዲህ አልኳት።

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ አልማዝ ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ሊያፍኑት ሞከሩ፣ አልሆነም። ከዚያ አጠገባቸው ያሉት፣ ከዚያ ወንዶቹ፣ በመጨረሻ አለቃዬም ጭምር ፊታቸውን ወደ ሸራው አዙረው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከምሳ የተመለሰው ይርጋ ብቻ አልሳቀም። ሰው አቋርጦ መጥቶ፣ ማጠፊያ አመጣህ ወይ አለኝ።

ጋሽ መኩሪያ ከልጃቸው ቤት ተመልሰው ነገሩ ሲነገራቸው መዝገባቸውን አውጥተው አዩ። ሐዘን ተብሎ የወጣ ድንኳን ሦስት ቀን ሳይሞላው አይነቀልም፣ ደንብ ነው አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም። ንፍሮውም በስሎ ነበር። እናም የዘንድሮውን ልደታ ከዋዜማው ጀምረን ድንኳን ውስጥ አከበርን፤ እናቴም የመጣውን ሁሉ እየሳመች፣ በገዛ ለቅሶዋ ላይ ንፍሮ በላች። አለቃዬ ሁለት እፍኝ ወሰዱ። ሰብለ ማታ ከሥራ ስትመጣ ግቢው በሙሉ ድንኳን ውስጥ ሲጫወት አገኘች፤ ሁሉን ሰምታ ስታበቃ ንገራት ብዬህ ነበር አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትደግመው።

እናቴ የሞተሩን ነገር በዓሉ እስኪያልፍ አቆየችው። በልደታ ማግስት ይርጋን አስጠራችው። ድንኳኑ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ቤቱን እስከ ጣሪያው አስጨረሰችው። ይህ ጣውላ ይሳሳል ትላለች፤ ይርጋ አውጥቶ ወፍራም ያደርጋል። እኔ ስናገር የማይሰማኝ ሰው እሷን እሺ እናቴ፣ እሺ እናቴ ይላል። ሲያልቅ ሞተሩን መልሼ አስገባሁ። እናቴ ጓጉንቸሩን ተቀብላኝ ራሷ ቆለፈችው፤ ሦስት ጊዜ ጎተተችው። ከዚያ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረች።

"ሽጠው አልልህም" አለችኝ። "ቁልፉን ለመስቀል ስትመጣ ትወስደዋለህ።"

"እማዬ፣ መስከረም ላይ ሥራ..."

"ደህና ሆኜ አልመጣህም። ታማብኛለች ብለህ ፈቃድ ወስደህ እንኳን ወደ እኔ አልመጣህም። እንጨት ስትቆርጥ ዋልክ።"

በማግስቱ መናኸሪያ ድረስ በታክሲ ሸኘኋት፤ መኪናው እስኪወጣ ድረስ ቁልፉን በነጠላዋ ላይ በእጇ ይዛው ነበር።

አሁን ነሐሴ ነው። የሞተሬ ቤት አንድ ጠብታ አላስገባችም። ኮሚቴው በምሳሌነት ያሳያታል፣ እትዬ አልማዝም ዶሮ ስለማያድርባት አዝነው ያልፋሉ። እኔ በየማለዳው ጥላዬን ይዤ አጠገቧ አልፌ ወደ ታክሲ ሰልፍ እሄዳለሁ። የደረጀ መዶሻ እስካሁን እኔ ጋ ነው፤ ጓጉንቸሩ ሁለት ምት አይፈጅም። አንድ ቀን ዝናብ አስመርሮኝ መዶሻውን ይዤ በሩ ድረስ ሄጄም ነበር። ቁርጭምጭሚቴን የጨበጠችበት እጅ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ቤቱ አፈሰሰ ወይ ብላ ነው።

ትናንት ለመስከረም ፈቃድ ልጠይቅ ቅጹን አነሳሁ። ሕመም፣ ሐዘን፣ ወሊድ። አሥራ አራት ዓመት ሳጥን ያልሞላ ቅጽ ስመልስ የኖርኩ ሰው ሦስቱንም ሳጥን ባዶ ትቼ ሕዳጉ ላይ በእጄ ጻፍኩ፦ እናቴ ደህና ነች፤ ልጠይቃት ነው። አለቃዬ ቅጹን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እርግጠኛ ነህ አሉኝ። እኔ ከመመለሴ በፊት፣ በድንኳኑ ቀን የእናቴን ስልክ ቁጥር የያዘው ደረጀ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ፣ ትናንት ማታ በስልክ አውርቻቸዋለሁ፣ ደህና ናቸው አለ። አለቃዬም ፈረሙ።